አማቴን የማልጠይቀው ጥያቄ

አሰላ ውስጥ የሰው ፀጉር ማስተካከል ከጀመርኩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን የደንበኛ ጆሮ በመቀስ የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱ ጥፋት ነው፣ አስነጠሰ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እጄ የማይፈራ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። የምፈራው በምላሴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት ነርስ የከተማውን ፀጉር አስተካካዮች ሰብስባ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ያስተማረችን ቀን ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች የወንዶች ዕጢ ናት። "ወንድ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሰዎች ተሸክመውት ነው" አለችን። "እናንተ ዘንድ ግን በእግሩ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ጨርቅ ታስሮበት መሸሽም አይችልም።" ሳቅን። ሥራችን ቀላል ነበር፤ ሃምሳ ያለፈውን ደንበኛ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሳ መጠየቅ፣ ባይነሳም፣ ምንም ባያመውም ሐኪም አማክሮ እንዲመረመር መንገር። በሽታው ሲጀምር ድምፅ የለውም፣ በጊዜ ከተገኘ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል አለች። ደጋግማ የነገረችን ይህንኑ ነው። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ።

በማግስቱ ጀመርኩ። ነጋዴውን፣ መምህሩን፣ ከሁሩታ ለጉዳይ የመጣውን ገበሬ፣ ማንንም አልማርኩም። "ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?" ስላቸው መጀመሪያ በመስታወቱ ውስጥ ያፈጡብኛል፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ይነግሩኛል። አንድ ጡረተኛ "ስድስት ጊዜ" አሉኝ። "ታዲያ መቼ ነው የሚተኙት?" ብላቸው "እዚህ፣ ወንበርህ ላይ" አሉ።

አርብ ሲደርስ ግን ምላሴ ታሰረ። አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት ጢማቸውን ለመስተካከል የሚመጡት የሚስቴ አባት ናቸው። በእኛ ዘንድ አማት ይከበራል፣ ይፈራልም። እሳቸው ፊት እግሬን አላነባብርም፣ ጮክ ብዬ አልስቅም፤ ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ፊታቸው ጠግቤ በልቼ አላውቅም። ጭንቅላታቸውን ግን ይዤ ወደፈለግሁበት አዞራለሁ፣ ጉሮሯቸው ላይ ምላጭ አሳርፋለሁ። ሥራ ነዋ! ከቀበቶ በታች ስላለ ነገር እሳቸውን መጠየቅ ግን አይታሰብም። ከዚያ ይልቅ ወንበሩን መዋጥ ይቀለኛል።

በዚያ አርብ ግማሽ ፊታቸውን ላጭቼ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ "ትንሽ ቆየኝ" ብለው ተነሱ። ነጩን ጨርቅ እንደታሰሩ ጎረቤት ሻይ ቤት ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ገሰገሱ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጨርቁን ከኋላቸው ሲያውለበልበው መንገድ ዳር የቆመ የጋሪ ፈረስ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተመለሱ፣ ተቀመጡ፤ ሌላኛውን ጉንጭ ስጀምር እንደገና ተነሱ። ፈረሱ በሁለተኛው ለመዳቸው። እኔ ግን አልለመድኩትም። እኚህ ሰው ልጃቸውን የሰጡኝ፣ ሱቁን ስከፍት የመጀመሪያውን ወንበሬን በጋሪ አስጭነው ያመጡልኝ ሰው ናቸው። እንዳላጣቸው ፈራሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ሰንብቼ መላ አገኘሁ። ባልደረባዬ ከጎኔ በሚሠራበት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ አማቴ ይሰማሉ፣ ማንም አያፍርም። ቀጣዩ አርብ ደረሰ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሽራ! እሁድ የሚያገባ፣ ከሮቤ ከነሚዜዎቹ የመጣ ሙሽራ።

"ወንድሜ" አልኩት የአማቴን አገጭ እየላጨሁ፣ "ፕሮስቴትህን ተመርምረሃል?"

"ምኔን?"

"ቶሎ ቶሎ ለሽንት የሚያስነሳ ከሆነ ዝም አይባልም። በተለይ ዕድሜ ሲገፋ።"

"ሃያ አምስት ዓመቴ ነው!"

"ዕድሜ እንደሆነ ይሄዳል" አልኩት። "ደም ትሰጣለህ፣ ሐኪሙ በጣቱ ይዳስስሃል፣ አለቀ።"

"የት ነው የሚዳስሰው?" አለ ከሚዜዎቹ አንዱ።

ነገርኩት። ሙሽራው ከነጨርቁ ብድግ አለ። ሚዜዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ባልደረባዬ ማሽኑን አጥፍቶ ጀርባውን ሰጠን፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። "ሰውዬ፣ እሁድ እኮ ሠርጌ ነው!" እያለ ይጮሃል ሙሽራው። እኔ አንዴ ገብቼበታለሁ፣ መውጫው ጠፋኝ። "ግድ የለም፣ ከሠርጉ በኋላም ይደርሳል" አልኩት።

አማቴ ብቻ አልሳቁም። እጄን ቀስ አድርገው ከአገጫቸው ላይ አነሱና በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

"ልጁን ልቀቀው" አሉ። "የምታወራው ከእኔ ጋር ነው።"

ንጹሑን ምላጭ እንደገና መጥረግ ጀመርኩ።

"እሄዳለሁ" አሉ። "ግን አብረን ነው የምንሄደው። አንተ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሃምሳ ሦስት፣ አባባ።"

"ታዲያስ?"

የከተማውን ወንድ ሁሉ ሳስጨንቅ፣ በመስታወቱ ውስጥ ከደንበኛው ጀርባ የሚቆመውን ሰውዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም ነበር። "እኔን እንኳ ምንም አያመኝም" አልኩ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ሙሽራው ከሁሉም አብልጦ።

ሰኞ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ተራችን ሲደርስ የሐኪሙ በር ላይ "ይቅደሙ" አልኳቸው። "ወላሂ አንተ ቅደም" አሉ። "ኧረ እንዴት ሆኖ፣ እርስዎ እያሉ!" "አይሆንም፣ አንተ ግባ!" በሕይወታችን እንዲህ ተከባብረን አናውቅም። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጥቶ በክንዴ ይዞ አስገባኝ። ሁለታችንም ጨርሰን ስንወጣ አንዳችን ግድግዳውን፣ አንዳችን መሬቱን እያየን ጥቂት ሄድን። ከዚያ እሳቸው በሳቅ ፈነዱ። እኔም ተከተልኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አማቴ ፊት ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንባችን እስኪወርድ፣ ዘበኛው ምን ነካቸው እስኪል ድረስ ሳቅን።

ውጤቱ ሲደርስ የእሳቸው ዕጢ በዕድሜ ያበጠ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ካንሰር የለም፣ መድኃኒት ተሰጣቸው። የእኔን ወረቀት ሲያነብ ግን ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ሌላ ምርመራ ታዘዘልኝ፣ ናሙናም ተወሰደ። ካንሰር ነው። ገና ጅማሬው ላይ ያለ፣ አንድም ቀን ቆንጠጥ ያላደረገኝ ካንሰር። አዲስ አበባ ተልኬ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ለጥቂት ጊዜ ሽንት ቶሎ ቶሎ እንደሚያስነሳኝ፣ ከዚያ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገሩኝ።

እኔ እኮ እየሳቅሁ፣ ሰው እየመከርኩ፣ ዝም ብዬ ልሞት ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬን የማደርግበት ይጠፋኛል። ባጃጅ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋብኝ እንኳ ዞሬ በፈገግታ እጄን አነሳለታለሁ፤ ሾፌሩ እብድ ሳይለኝ አይቀርም።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በመጀመሪያው አርብ ቤታችን ጠያቂ ሞልቶ ነበር። አማቴ ከጁምዓ በቀጥታ መጡ። ሁሉም ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙ፣ ያደገ ጢሜን አዩና፣ በልጃቸው ፊት፣ በጎረቤት ሁሉ ፊት፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ ጠየቁኝ።

"ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳህ?"

ሚስቴ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

"አምስት ጊዜ፣ አባባ" አልኩ።

"እኔ አንዴ ብቻ" አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ እጄን ግን ሳይለቁ። "በል ቶሎ ድረስብኝ።"