የማለዳ እንቁላል

ባንቺዓለም እንቁላል ታውቃለች። ሌላው ሰው ይበላዋል እንጂ አያውቀውም። ቢቸና ከተማ ውስጥ የዶሮ ወጥ ቀርቦላችሁ እንቁላሉ አንድ ጭረት እንኳ ከሌለበት፣ ቤቱ የእትዬ ጥሩአየሁ ነው፤ የላጠችውም ምራታቸው ባንቺዓለም ናት። ዐይኔን ጨፍኜ እምላለሁ!

ውኃ ውስጥ ሲነከር በጎኑ ተኝቶ የሚቀረው የዛሬ ነው። አንድ ጫፉን ብድግ የሚያደርገው ሳምንት ያለፈው ነው። የሚንሳፈፈውን ለጠላትም አትስጡት። እሷ ለወጥ የምትመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ስምንት ዘጠኝ ቀን ታቆየውና የፈላ ውኃ ውስጥ ትከተዋለች፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ታዞረዋለች፣ ቅርፊቱ በሁለት ጣት ይወልቃል። የዕለቱ እንቁላል ግን ጉደኛ ነው። ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ይነሣል፤ አይጥ የቀመሰው ይመስላል። ይህን ማንም አላስተማራትም። ሰባት ዓመት ከአንድ ጓዳ ያልወጣች ሴት ሌላ ምን ትማር?

ባሏ ስጦታው ለሥራ መተማ ከወረደ ሦስት ዓመቱ ነው። በስልክ «ዘንድሮ እመጣለሁ» ይላል፤ የትኛው ዘንድሮ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አማቷ እትዬ ጥሩአየሁ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑስ በተሻለ! «አንቺ ከሄድሽ ጓዳዬ ተዘጋ» እያሉ ይስሟታል። ሰው እየተሳመ ይታፈናል? ባንቺዓለም ታፍናለች።

አንድ ጊዜ ሞጣ፣ እህቷ ሊድያ ዘንድ ሄዳ ነበር። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ መጥቶ መለሳት። አባቷም ቁርጡን ነገሯት። «ካባረሩሽ ቤቴ ቤትሽ ነው፣ የፈለግሽበት ሂጂ። ከኮበለልሽ ግን እኔም አባትሽ አይደለሁ፣ ደጄንም እንዳትረግጪ።» እሷ ደግሞ አባቷን ትወዳለች፤ ምን ይደረግ።

ዘንድሮ ፋሲካ ማግስት ሊድያ ደወለች። ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍታለች።

«ፍርፍሩም፣ ስልሱም ባንቺ እጅ ነው። እኔ እንቁላል ሳነሣ ይሰበርብኛል፣ ታውቂ የለ! እስከ ግንቦት ልደታ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይሄዳል፣ ዶሮ ከታቀፈችው! የባንቺዓለም ዕጣ ግን ድስት ነበር። መውጫዋ አንድ ብቻ ሆነ፤ መባረር።

እንዴት ትባረር? እትዬ ጥሩአየሁን የሚያስቆጣ አንድ ነገር አለ፤ ማኅበርተኛ ፊት መዋረድ። የበኩር ልጃቸውን ሚስት በአንድ ያረረ ወጥ ምክንያት በዚያው ቀን ወደ እናቷ ሰደዋታል። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደግሞ የጊዮርጊስ ማኅበር እሳቸው ቤት ነበር።

በርበሬውን ላሳርር ብላ አሰበች፤ እጇ እንቢ አላት። የሰማዕቱን ዝክር ማበላሸት ምን ቢሉት ኃጢአት ነው። እንቁላል ቢቦጫጨቅ ግን የማንን ሆድ ያማል? ጠዋት ከእነርሱም ዶሮዎች ሥር፣ ከጎረቤትም፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ለቀመች። አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ እየነከረች በጎኑ የተኛውን ብቻ ወሰደች። በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳ ቀስ ብላ አፈላችውና ትኩሱን ላጠችው። ወይ ጉድ! አንዱ ግማሽ ፊቱ የለም፣ ሌላው አስኳሉ ብቅ ብሏል። ሰባት ዓመት ያላየችው ሥራ ነበር። አፈረች፤ ደስም አላት። ጓዳ ውስጥ ባለው ሣጥን ሁለት ቀሚስና ነጠላ ከሰሞኑ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ወጡ ቀረበ። አሥራ ሁለቱም ማኅበርተኞች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ጥሩአየሁ አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ ምራታቸውን አዩ፤ ፊታቸው እንደ በርበሬው ቀላ።

«ባንቺዓለም! ምንድን ነው ይሄ?»

«እንቁላል ነው እማማ» አለች። ልቧ ሞጣ ደርሷል።

የማኅበሩ አባት አባ ወልደ ሰንበት የተቦጫጨቀውን እንቁላል አንሥተው አገላበጡት። ገመሱት፤ ቀመሱት። ከዚያ ሳቁ።

«ጥሩአየሁ፣ እንዳትቆጪ! እኔ ዶሮ አርቢ ቤት ነው ያደግሁት። ይሄ የዛሬ ማለዳ እንቁላል ነው። የቆየ ቢሆን ልቅም ብሎ ይላጥ ነበር። በየቤቱ የምታቀርቡልን ያ የሚያምረው፣ ስንት ቀን የሰነበተ መሰላችሁ? ይህቺ ልጅ ግን ለሰማዕቱ የዕለቱን፣ በኩሩን አቀረበች! ለመልኩ አልተጨነቀችም።»

«እውነትም ወጡ ውስጥ ድረስ ገብቶበታል» አለ አንዱ ማኅበርተኛ እያላመጠ። ሌላውም ደገመ። ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ አሁንም ይጨመር ተባለ።

እትዬ ጥሩአየሁ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ተነሥተው አንገቷን አቅፈው ሳሟት። «ልጄ፣ እኔ ሞኟ! ልቆጣሽ ነበር እኮ!»

ባንቺዓለም እንጀራ እንደያዘች ቆማለች። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ምን ትበል? «ያዋረድኳችሁ ሆን ብዬ ነው» ትበል፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያመሰግን? እንጀራውን መሶቡ ላይ ዘረጋችው።

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን አወጡ። «ነይ ልጄ፣ ዝቅ በዪ።»

ዝቅ አለች።

«እጅሽ ይባረክ። ከዚህ ጓዳ አትጥፊ። እግርሽ ከዚህ ደጅ አይውጣ፤ እዚሁ ክበሪ፣ እዚሁ አርጂ።»

«አሜን! አሜን!» አለ ቤቱ ሁሉ።

እትዬ ጥሩአየሁ በስስት ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

«አሜን በዪ እንጂ ልጄ፣ ምርቃት እኮ ነው!»

«አሜን» አለች ባንቺዓለም።