በእጄ ጭኜ ዝም ያልኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለቴ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ሌላ ኃጢአት ነግሬያቸው ተነስቻለሁ። ለእናንተም ስጽፍ እየፈራሁ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ፣ አሁን በተዘጋ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። የበሽተኞቹ መዝገብ የነበረው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። በሊኑክስ ፕሮግራም የሚገባው ፓኬጅ ማኔጀር በሚባል አስተዳዳሪ በኩል ነው፤ ምን እንደገባና የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ ግን መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም አረጀብኝና አዲሱን ከኢንተርኔት አውርጄ በእጄ ጫንኩት፤ ያውም በአሮጌው ላይ። ፓኬጅ ማኔጀሩ ይህን አያውቅም። መዝገቡንም ወደ ሌላ ቦታ ገልብጬ የድሮውን ሳላጠፋ ተውኩት፤ አዲሱ ፕሮግራም የሚጽፈው በአዲሱ ቦታ ብቻ ነበር። አደገኛ መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ለዘሀራ መንገር ነበረብኝ። ሰነፍኩ።

ዘሀራ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። እኔ ከሌለሁ ኮምፒውተሩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ማሻሻያ መጫን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "በየወሩ ይህችን ትእዛዝ ብቻ ጻፊ፣ ምንም አይሆንም" ያልኳትም እኔው ነኝ።

ከወራት በኋላ ለሥልጠና ደሴ ሄድኩ። ዘሀራ ትእዛዙን ጻፈች። ለዚያ ፕሮግራም ማሻሻያ የመጣው በዚያ ወር ነበርና፣ ፓኬጅ ማኔጀሩ በእጄ የጫንኩትን አጥፍቶ የራሱን መለሰ፤ ፕሮግራሙም የድሮውን መዝገብ ከፍቶ ተነሳ። ምንም የስህተት መልእክት አልመጣም። ስሙም ካርዱም በቦታው ያለ ይመስላል። የጎደሉት የመጨረሻዎቹ ወራት ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ በሽተኛ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው የተመዘገበው በነዚያ ወራት ነበር። ዘሀራ ትእዛዙን በጻፈች ማግስት ረፋዱ ላይ እግራቸው ቆስሎ ከከላላ በኩል በበቅሎ መጡ። የመድኃኒቱን ስም አያውቁትም። ነርሷ ካርዳቸውን አየች፤ ማስጠንቀቂያ የለም። ወጋቻቸው። ጉሮሯቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። ሐኪሙ ለጥቂት ደርሶ አተረፋቸው።

ስመለስ ዘሀራ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ታደለ፣ ምን ነክቼ ነው? ወላሂ ያሳየኸኝን ብቻ ነው የጻፍኩት።"

ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ወዲያው አገኘሁት። ያሰብኩት ስለ ሴትዮዋ ነው? ስለ ዘሀራ? አይደለም፤ ስለ እስር ቤት ነው ያሰብኩት። ትክክለኛውን መዝገብ መለስኩ፤ በእጄ ስጭን የቀረውን ዱካ ሁሉ ሰረዝኩ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ "ማሻሻያውን የጫነችው ዘሀራ ናት" አልኩ። አንድም የውሸት ቃል አልወጣኝም። ዛሬም የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው።

ተባረረች። በዚያው ዓመት ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የውጭ ስልክ ሲደወል ልቤ ይመታል። ወይዘሮ ደብሬን ገበያ ላይ ሳይ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። በቅርቡ ግን አልቻልኩም፤ ራሴ ለዘሀራ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እኔ እኮ ሴትዮዋን ልገድላቸው ነበር ብዬ በየሶላቴ አላህን ይቅር በለኝ እያልኩ ኖርኩ" አለች። "የአሠሪዬን እናት መድኃኒት አጠጪያቸው ሲሉኝ የሚስማማቸው መሆኑን ሦስቴ ሳልጠይቅ አልሰጥም።"

"ምን ላድርግልሽ?" አልኳት።

"ለእናቴ ሂድና ንገራት" አለችኝ። "ልጅሽ ነፍስ ልታጠፋ ነበር እየተባለች እዚያ የኖረችው እሷ ናት።" ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት ቀን ከደጃቸው ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። እናቷ እትዬ ሰዓዳ ምስር እየለቀሙ ነበር። ስነግራቸው እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ስጨርስ ተነሱና ወጡ። ፖሊስ የሚጠሩ መሰለኝ። ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ቤቱ ሞላ።

"በል፣ አሁን ለነሱ ድገመው" አሉኝ።

ፈርቼ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ዘሀራም ፈርታ ነበር፤ እሷም ወጣት ነበረች።

ተናገርኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አልሰማሁም፤ ድምፅህን ከፍ አድርገው" አሉ።

"ዘሀራ አይደለችም" አልኩ ጮክ ብዬ። "እኔ ነኝ።"