የጡሩምባ ነፊው «እንኳን አደረሳችሁ»

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወርቁን በማለዳ ማየት የሚወድ አልነበረም። የእድር ጡሩምባ ነፊን ማን ይወዳል? ጎህ ሲቀድ ያን ጡሩምባ ይዞ ብቅ ካለ የአንዱ ቤት ፈርሷል ማለት ነው፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ የማንን ስም እንደሚጠራ ይጠብቃል። ቀን ሲያገኙትም ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። ምላሰኞቹማ «ጋሼ መርዶ» ብለው ስም አወጡለት።

እሱም መረረ። ሙቀቱን ይረግማል፣ ወጡን ይነቅፋል፣ ሰው ሲስቅ ካየ «ቆይ፣ ነገ አይደል» ይላል። መርዶ ሲናገር ኖሮ ራሱ መርዶ ሆነ።

ሚስቱ ቅድስት ግን ሳቂታ ነበረች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አፋጠጠችው። «ሞቱ የእግዜር ነው፤ ኩርፊያው ግን ያንተ ነው» አለችው። ሰው ባልሞተበት ማለዳም በዚያው መንገድ ባዶ እጁን እንዲዞርና በየደጁ «እንኳን አደረሳችሁ» እንዲል አዘዘችው። በዓል በሌለበት ቀን እብድ ሊሉኝ ነው ብሎ ተሟገተ፤ ከዚህ ቀን መድረስ ራሱ በዓል ነው ብላ አፉን አስያዘችው።

መጀመሪያ ሳቁበት። የምን በዓል ነው ሲሉት «የማክሰኞ» ይላል። እየዋለ እያደረ ግን ለመዱት፣ ወደዱትም። አስፋልቱ ዳር ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ የምታፈላው ሳሊሃ ደግሞ መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው። ባዶ እጅ ማለት ዛሬ ማንም አልሞተም ማለት ሆነ። ወርቁ ሁልጊዜ ደስ ይለው ነበር ብል ግን እዋሻለሁ፤ ስንት ማለዳ ቃሉን እየመረረው ነው ያወጣው።

አምና ቅድስት ጉበቷን ታመመች። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰዳት፤ ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም፣ ይዘሃት ቤትህ ግባ አሉት። ግንቦት ላይ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጫጫ፣ ከሰውነቷ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ለመነችው፤ የሄድኩ ለታም ማለዳህን እንዳታስታጉል አለችው። እሺ አላት። እሺ ሲል ግን እንደማይችለው ያውቃል። ሚስቱን አጥቶ ማንን እንኳን አደረሰህ ሊል ነው?

አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ አረፈች። የእድሩ ዳኛ መጥቶ ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረደ፤ ሐዘንተኛ አይነፋም፣ ዛሬ ጎረቤትህ ብርሃኑ ይነፋል አለ። ብርሃኑ ይዞት ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። ወርቁ አልጋዋ አጠገብ ጥቂት ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። የጡሩምባው ድምፅ ገና አስፋልቱ ጋ አልደረሰም ነበር።

ሳሊሃ እሳት እያያያዘች ነበር። እጁን አየችና ፊቷ በራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ባዶ እጅዎን መጡ፣ ጋሼ ወርቁ። እንኳን አብሮ አደረሰን» ብላ ቀደመችው።

ወርቁ ቆመ። ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ቀኑን ቢረግምስ ማን ይፈርድበታል?

«እንኳን አደረሰሽ፣ ሳሊሃ» አለ በመጨረሻ። «ቅድስትን ግን አላደረሳትም።»

ሳሊሃ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ለቀቀችው። እጇን ራሷ ላይ ጭና ኢናሊላሂ አለች፤ ወርቁም ከእሷ ጋር ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደ።