ረጅም ሰላምታና ሁለት ከረጢት ደም

የታናሽ እህቴን ባል ጠዋት ኮሪደር ላይ ያገኘ ሰው ከጉዳዩ መዘግየቱን ይወቀው። እኔ እዚሁ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። እሱ ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ የማቀዝቀዣ ድምፅ ቀን ከሌት በማያቋርጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኔትወርኩንና ሰርቨሩን ይጠብቃል። የበሩን ጥበቃ ሲያገኘው "እንዴት አደርክ? ጉልበትህስ ተሻለው? ልጅትዋ ፈተናዋን ጨረሰች?" ይለዋል፤ መልሱንም ቆሞ እስከ መጨረሻው ይሰማል። የላብራቶሪው ሰውዬ "አቶ ደህና አደራችሁ" የሚል ስም አውጥቶለታል።

"አንተ እኮ ቤትህ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ እሳቱን ደህና አደርክ ወይ ትለዋለህ" አለው አንድ ቀን።

"ካልመለሰልኝ ነው ውሃ የማመጣው።"

እህቴ ደግሞ ተቃራኒው ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ባለ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ የሚገናኙት በሳምንት አንዴ ነው። ስልክ ስትደውል ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ዘው ነው። "ቻርጀሬን የት አደረግከው?" እሱም ይኸው ስንት ዓመቱ "መጀመሪያ ደህና ዋልክ በይኝ" እንዳለ አለ።

ባለፈው ወር የደወለችው ግን ለቻርጀር አልነበረም። ወላድ ደም ሲፈሳት ደም የሚታዘዘው ከእኛ ማከማቻ ነው፤ ትእዛዙም የሚላከው በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ነው። እዚያ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ገጹ ቶሎ አይከፈትም።

"ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የሴትዮዋም ፊት እንደዚያው እየነጣ ነበር" አለችው። "ለጥቂት ነው የተረፈችው። ብራውዘሬ ፕሮቶኮል የሚሉትን ፈጣኑን አዲስ የመላላኪያ መንገድ ይደግፋል አሉኝ። የዘጋው ያንተ ሰርቨር ነው። ክፈትልኝ።"

"ልሞክረው" አለ እንጂ አልከፈተላትም። ሦስት ቀን ከዚያች ክፍል እምብዛም አልወጣም። በሦስተኛው ቀን በካርድ ክፍሉ በር ሲያልፍ ራሱን ብቻ ነቅነቅ አደረገልኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ምሳውን ይዤ ገባሁ።

"ምኑን ነው የምትፈራው?"

"ቁጭ በይ እትዬ" አለና አስረዳኝ። ሲገባኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ለካ ብራውዘርና ሰርቨርም ወደ ጉዳያቸው ከመግባታቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ማን ነህ፣ እኔ ነኝ፣ የዛሬውን ወሬ በምን ቁልፍ እንቆልፈው ይባባላሉ። በደካማ መስመር ይሄ ምልልስ ጊዜ ይበላል። አዲሱ መንገድ ግን ቀድሞ ለሚተዋወቁ ጉዳዩን ከሰላምታው ጋር ጠቅልሎ በመጀመሪያው መልእክት መላክ ይፈቅዳል።

"ልክ እንደ እህትሽ" አለ።

"ታዲያ ምን ይጎዳል?"

"መሀል መንገድ የቆመ ክፉ ሰው መልእክቱን ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችላል። የተቆለፈ ስለሆነ ማንበብ አይችልም። በቀቀንስ የሚለውን መቼ ያውቀዋል? ዝም ብሎ ይደግማል።"

በመሞከሪያው ሰርቨር አሳየኝ። በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ከረጢት ደም አዘዘ፤ በሌላው መልእክቱን ቀድቶ ደገመው። ስክሪኑ ላይ አራት ከረጢት ወጣ፤ ሁሉም በእህቴ ስም።

"ከአንዳንዱ የደም ዓይነት ያለን አራት ብቻ ነው" አለ ምሳውን ሳይነካ። "እዚያ ትርፍ ሁለት ልኬ፣ እዚህ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተኛውን ምን ልበለው?"

ከሥራ ስንወጣ ደውሎ አይሆንም አላት።

"ለሌላ ሰው ቢሆን ትከፍት ነበር።"

"ለሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ቀን አይሆንም እል ነበር። ላንቺ ነው ሦስት ቀን የፈጀሁት።"

ስልኩን ዘጋችው። እህቴ አፏ ነው እንጂ ሆዷ ቂም አይቋጥርም፤ ሳትከራከር ከዘጋች ግን አዝናለች ማለት ነው። እሱም ያን ቀን ጥበቃውን ሳያየው አለፈ።

በማግስቱ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መጣ። "እትዬ፣ ማየት ቢደገም ማንን ይጎዳል?" ማየትንና ማዘዝን ለያያቸው። ምን ያህል ደም እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር በፈጣኑ መንገድ ወዲያው ይከፈታል፤ ትእዛዝ ግን ሙሉ ሰላምታው ሳያልቅ አይገባም። ደስ የሚለው ደግሞ፣ እህቴ ዝርዝሩን አይታ ቅጹን እስክትሞላ ድረስ ሰላምታው ከሥር ከሥሩ ያልቃል። ምንም አትዘገይም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ ደም ለሚፈሳት ሌላ ወላድ የላከችው ትእዛዝ ሲገባ አየ። ከዚያ የደም ዓይነት ካሉት አራት ከረጢቶች ሁለት። መኪናው ወጣ። የቀሩትን ሁለት ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዳቸው። ከእሷ ግን ድምፅ የለም። ካርድ ክፍል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ያፈጥበታል።

አሥር ሰዓት ላይ ጠራ። ድምፁን ለእኔም እንዲሰማ አደረገው።

"ደህና ዋልክ?" አለች እህቴ ረጋ ብላ። "ወገብህስ እንዴት ነው? እትዬስ ደህና ናት? የጥበቃው ልጅስ ፈተናዋን አለፈች?"

ደም ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ። እሷ ሰላምታ ካበዛች መርዶ ይዛለች ማለት ነው።

"ሴትዮዋስ?" አለ።

"መጀመሪያ ደህና ዋልሽ በለኝ።"

"ደህና ዋልሽ" አለ።

"ደህና ነን" አለችው። "እናትየዋም፣ ሕፃኗም፣ እኔም።"