ከመነሻው

ማለዳ ማለዳ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ማነብነብ ይሰማኛል። ከጎኔ ቤት የተከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ግራመር እየሸመደዱ ነው። ወልድያ ባጃጁም ፎቁም መጣላት፤ ይቺ ማነብነብ ግን ያው ናት። በሰማኋት ቁጥር ደረቴን ጫን ትለኛለች። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው ይላል። እሱ ምን ያውቃል!

ጓደኛዬ ከግራና የመጣ የዜማ ቤት ልጅ ነበር። በወጣትነታችን መምህር ለመሆን አብረን ስንማር ግራመሩን እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። ዝናብ ያራሰው ባሕር ዛፍ በሚሸትበት ጓሮ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ ያዜመዋል። አንዲት ቃል ከሳተ ከመነሻው ይጀምራል። የኔታ እንዲያ ነው ያሳደጉት።

«ዝለላትና እለፍ እንጂ!» እለዋለሁ።

«አንተማ አጥር ዘላይ ነህ» ይለኛል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እውነቱን ነው። የኔ ራስ አንድም የግራመር ሕግ አላስገባም ብሎ ነበር፤ አፌ ግን ፍሬን የለውም።

የእንግሊዝኛው የቃል ፈተና ደረሰ። የወደቀ ወደ አገሩ ይመለሳል። የሱ እናት ደግሞ ገና ሳይመረቅ «መምህሩ ልጄ» እያሉ ሰፈሩን አዳርሰው ነበር።

እኔ ቀድሜ ገባሁና ስለ በሬያችን የመጣልኝን ቀባጠርኩ። ፈታኞቹ ሳቁ፤ አለፍኩ። እሱን ስለ እናቱ ጠየቁት። ውጭ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ደቀንኩ።

«ማይ ማዘር...» ብሎ ጀመረ። መሐል ላይ ሳተ። ከመነሻው፦ «ማይ ማዘር...» ደግሞ ሳተ። ደግሞ ከመነሻው። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

«ዝለላት ወንድሜ፣ ዝለላት» እላለሁ በሩን ታክኬ።

«ይበቃሃል» አሉት።

በማግስቱ በጭነት መኪና እስከ መርሳ ሸኘሁት። ከመኪናው ስንወርድ «እናቴን ምን እላታለሁ?» አለኝ። ያ ሁሉ ወሬዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ጉንጩን ስሜ ተመለስኩ።

አምና ታሟል ቢሉኝ ግራና ወረድኩ። እርጅናው ነገር ያስረሳዋል። ስለ እናቱ ሊያጫውተኝ «እናቴ እኮ...» ብሎ ጀመረና መሐል ላይ ጠፋበት። ዓይኑን ጨፈነ። «እናቴ እኮ...» አለ እንደገና።

«ይተዉት አባዬ፣ አይድከሙ» አለችው ሴት ልጁ።

«ተዪው ልጄ፣ ከመነሻው ይጀምር» አልኳት እጁን ይዤ። «ዛሬ የሚቸኩል ፈታኝ የለብንም።»

ፀሐይዋ መደቡን ለቃ እስክትወርድ ተቀምጬ ሰማሁት፤ የእናቱ ነገር ግን «እናቴ እኮ...» ከምትለው ከመጀመሪያዋ ቃል አላለፈም።