የእናታቸውን ቡና ፍለጋ ወደ ሊሙ

ንጋት፣ ጅማ

ጎህ ሲቀድ መንደራ ቆጪ ሰፈር ደረስኩ። ሰፈሩ «አዴ»፣ እናት፣ የሚላቸው ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ በአንድ እጃቸው ባዶ ጆንያ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ። ጎረቤቶቻቸው ከሊሙ ገነት የቡና ችግኝ እንዲያመጡ ልከዋቸዋል። እኔ ደግሞ ስለ ከተማ ጓሮዎች የምጽፍ ነኝና ልከተልዎት ብያቸዋለሁ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ያመጣኝ ባጃጅም እስከ መስታወቱ ጭቃ።

«መጀመሪያ ጓሮውን እይ» አሉኝ። ከቤቶቹ ጀርባ ያለ የሰፈሩ የጋራ መሬት ነው። ሳርና የዛገ የሽቦ አጥር ብቻ ቀርቶታል። የአንድ የጓሮ አትክልት ፕሮጀክት ታፔላ ግን አሁንም ያብረቀርቃል፤ በአገራችን ከፕሮጀክት ሁሉ ዕድሜው የሚረዝመው ታፔላው ነው።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር የተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሁሉ ወንበሩን ጨበጠ። አዴ ዘይነባ ግን ማውራት ጀመሩ።

«ቡና ነበረን፤ የእናቴ ቡና። ወንድሜ ከሊሙ ችግኙን ሰጠኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተከለው። ከሥሩ ጎደሬና ዝንጅብል ነበር። ኋላ ለከተማ ጓሮ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች መጡ። እኛ የምንረዳው አትክልት ነው፣ ቡና አይቆጠርም፣ ቦታውን አጽዱ አሉን።»

«እና ነቀላችሁት?»

«በደቦ! እየዘፈንን፣ ወላሂ!»

ጎመኑና ካሮቱ አንድ ወቅት አማረ፤ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ገንዘቡ ቀረ፣ የውኃ ፓምፑ ተበላሸ፣ የሚጠግነው ጠፋ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ያቺ እኔ ነኝ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። ታላቅ ወንድማቸው አባ ፊጣ ቡናው መነቀሉን አያውቁም። በስልክ በጠየቁ ቁጥር እህታቸው «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ሲሏቸው ኖረዋል። ዛሬ ፊት ለፊት ሊነግሯቸውና ዳግም ችግኝ ሊለምኗቸው ነው።

ሹፌሩ ሰምቶን ኖሮ «ማዘር፣ ችግኝ እኮ ጅማም ይሸጣል» አለ።

«የእናቴን አይሸጡም» አሉት።

ቀትር፣ ሊሙ ገነት

የአባ ፊጣ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እጃችንን ሳይለቁ አስገቡን፤ የበቆሎ ቂጣና እርጎ ቀረበ። አዴ ዘይነባ ግን ቂጣውን ቆርሰው መልሰው አስቀመጡት።

«ወንድሜ፣ የመጣሁበት ጉዳይ...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። እኔም የምነግርሽ አለ።»

ወደ ጓሮ ወሰዱን። አዴ ዘይነባ የጓሮው በር ደፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቡና የለም። ከዳር እስከ ዳር ጫት ነው፤ ዝናብ ያጠበው፣ ጫፉ የቀላ ለጋ ጫት።

«ልጆቹ ይሄ ይሻላል አሉኝ» አሉ አባ ፊጣ መሬት መሬት እያዩ። «አምና ነቀልኩት። የእናታችንን እጅ የነቀልኩ ነው የመሰለኝ። ግን ያንቺ አለ ብዬ ነው፣ ዘይነባ። ያንቺ ባይኖር አልነካውም ነበር። አሁን ከሱ ዘር ትሰጪኝና ጥጉ ላይ መልሼ እተክላለሁ። አፍርቷል፣ ሚቲ፣ አይደል?»

አዴ ዘይነባ ጆንያውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ያዙ።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ይቅር በለኝ» አሉ።

አባ ፊጣ ገባቸው። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ እህታቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። ማን ማንን ይውቀስ? ቆሜ ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

አመሻሽ፣ ጅማ

በመልሱ መንገድ አዴ ዘይነባ ባዶውን ጆንያ እያጣጠፉ አወሩኝ። «ልቆጣው አምሮኝ ነበር። በምን አፌ?»

ሰፈር ስንደርስ ከጓሮው በኩል ሳቅና ጫጫታ ሰማን። ጎረቤቶቹ ስንሄድ ጀምረው ሲሠሩ ውለዋል። ሳሩ ታጭዷል፤ የችግኝ ጉድጓዶች በመስመር በመስመር ተቆፍረው፣ በየአፋቸው ፍግ ተከምሯል። አንዲት ሴት አየችንና «መጡ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ጭቃ የነካው እጃቸውን እየጠረጉ ወደኛ ዞሩ።

አዴ ዘይነባ አጥሩ ጋ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ ንገራቸው።»