እንጦጦ ያልበቀለው የእንጦጦ ድንጋይ

ዛሬ ሾላ አካባቢ ድንጋይ የሚሸጠው ጎረቤቴ አንዲት እናትን ሲያታልል አየሁት።

ሴትዮዋ የእንጦጦ ተወላጅ የነበሩትን የባላቸውን መቃብር በአገራቸው ድንጋይ ማስለበስ ይፈልጋሉ።

እሱ ናይስ የሚባል መስመራማ ድንጋይ እንዲጠቁር በተቃጠለ ዘይት እያሸ፣ “እማማ፣ ከእንጦጦ የወጣ ነው” ይላቸዋል።

“እማማ፣ ይሄ ከወለጋ የመጣ ነው” አልኳቸው። “ተራራ ሥር ጠልቆ፣ ግሎ፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ፣ ከላዩ ካለው ስለሚቀል ወደ ላይ አብጦ እንደ ጉልላት የወጣ ዓለት ነው። ላዩ ሲሸረሸር ይታያል። እንጦጦ ግን የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው።”

“አንተ ደግሞ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው” አለኝ ጎረቤቴ።

በራሱ ስም ቢሸጠው ኖሮ ግሩም ድንጋይ ነበር።

እማማ ድንጋዩን የነካ መዳፋቸውን አሸተቱ። “ይህን ባሌ ላይ ልትጭንብኝ ነበር?” ብለውት ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ለእናንተስ አገሩን ቀይረው የሸጡላችሁ ምንድን ነው?